ዛሬ ገና መስማቴ ነው

ዛሬ ጠዋት ለሞተ ሰው ስልክ ደወልኩ። የደወልኩለትም መሞቱን ልነግረው ነው።

ጊንጆ ሰፈር፣ ከቤቴ ወረድ ብላ ካለችው ሱቅ ሳሙና ልገዛ ሄጄ ነበር። ባለሱቁ ሳሙናውን እያወረደ፣ "ጋሽ ሸሪፍ፣ ሰምተዋል? ዶክተር ይልማ ሌሊቱን አረፉ" አለኝ። ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና ሁለት ቁጥርን ጫን አድርጌ ያዝኩ። የኔ ስልክ ባለቁልፍ ነው፤ ሁለት ቁጥርን ጫን ሲሉት ዶክተር ይልማ ዘንድ ይደውላል። አብረን ስንሠራ ራሱ ነው እንደዚያ አድርጎ የሞላልኝ። በዚህ ከተማ አንድ ነገር ሲሆን፣ ሹመትም ይሁን ሰርግ፣ የቡና ዋጋ መውደቅም ይሁን ሞት፣ መጀመሪያ የምነግረው ለሱ ነበር። ጣቴ የድሮ ሥራዋን ሠራች። ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈን መኖራችንን ለጣቴ የነገራት የለም። ሰውዬውን ከልቤ አውጥቼ ጥዬዋለሁ እያልኩ ባለቤቴ ከድጃ ፊት ስፎክር ኖሬ፣ ለካ ከሁለት ቁጥር አላወጣሁትም።

ስልኩ ተነሳ።

"ዶክተር፣ ማን እንዳረፈ ሰምተዋል?" አልኩ።

ሲያለቅስ ያደረ የሴት ድምፅ፣ "ማን ልበል?" አለኝ። ያኔ ነው የነቃሁት። ስልኩን ልዘጋ ብዬ ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት፤ ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ።

"ሸሪፍ ነኝ።"

"ጋሽ ሸሪፍ! ማህሌት ነኝ፣ ልጁ። ስልኩ እኮ 'ሸሪፍ እንቁላል' ነው የሚለው፤ ማን ይሆን እያልኩ ነበር።"

እሱም አልሰረዘኝም ማለት ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ነገረችኝና፣ "ይመጣሉ አይደል? አባዬ ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ያወራን ነበር" አለች። ምን ብሎ እንደሚያወራ ጠረጠርኩ። "እመጣለሁ" ብዬ ዘጋሁ።

ይልማ በማዕረጉ አንቱ የሚባል ሰው ነበር፤ በዕድሜ ብበልጠውም ፊት ለፊት አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ እለዋለሁ። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሙያዬ እንቁላል ነው። ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ "ምርምር ላይ ነኝ" እላለሁ፤ ከድጃ ከጓዳ ሆና "እንቁላል ይወጋል" ትላለች። የሷ ይበልጥ ትክክል ነበር። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ፣ ያ አልጋ ላይ የሚጥለው ከባዱ ጉንፋን፣ ጫጩት መያዝ በጀመረ እንቁላል ውስጥ ደህና አድርጎ ይራባል። እንቁላሉን ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አቆያለሁ፤ ጨለማ ክፍል ገብቼ መብራት ላይ አስደግፌ አየዋለሁ፤ ደም ሥሮቹ እንደ ቀይ ክር ተዘርግተው ሲታዩኝ ቅርፊቱን በትንሹ እበሳለሁ፤ የተዳከመውን፣ ለላቦራቶሪ የተገራውን ቫይረስ በመርፌ ጠብ አደርጋለሁ፤ ቀዳዳዋን እደፍናለሁ። ከቀናት በኋላ ከፍቼ ውሃውን እቀዳለሁ። ይልማ የሚፈልገው ያንን ውሃ ነበር።

የሚፈልግበትን ምክንያት ለኔ ያስረዳኝ በሾርባ ነው። ሄርማታ፣ ገበያው አጠገብ ምሳ የምንበላባት ቤት ነበረች። ሾርባው ሲመጣ አይጠጣም፤ ጎንበስ ብሎ ከላይ የተንሳፈፈውን ስብ ያያል። በሹካው ጫፍ አንዷን የስብ ክብ ወደ ሌላዋ ይገፋል።

"እይ ሸሪፌ። ሕዋስ የሚባለው ነገር ሽፋኑ እንዲህ ያለ ስብ ነው፤ ስስ፣ ድርብ፣ የሚንሳፈፍ። ቫይረሱ ውስጥ ገብቶ ከተባዛ በኋላ ሲወጣ ከዚህ ሽፋን ቆርሶ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። የራሱ ልብስ የለውም።"

"ሌባ ነዋ።"

"ሌባስ ያገኘውን ይወስዳል፤ ይሄኛው ይመርጣል። ፕሮቲኖቹን ሽፋኑ ላይ ሲተክል የትም አይተክልም። ኮሌስትሮል የበዛበት፣ ጠንከር ያለ ቦታ ይፈልጋል። የምጠይቀው ምን መሰለህ? ፕሮቲኑ ነው ስቡን የሚጠራው ወይስ ስቡ ፕሮቲኑን? አሁን እነዚህ ሁለቱ ተቀላቀሉ፣ ያቺ ግን እምቢ አለች። ለምን?"

"ቀዝቅዛ ይሆናል።"

"ይሆናል አትበለኝ፤ ያየኸውን ተናገር።"

"ያየሁት ዶክተር፣ ሾርባው መቀዝቀዙን ነው።"

እስኪያስለው ሳቀ። ያየኸውን ተናገር፣ ያየኸውን ጻፍ ማለት ልማዱ ነበር። ላቦራቶሪው በር ላይም በወፍራም ማርከር ጽፎት ነበር። ተማሪ ሪፖርት ይዞ ሲመጣ ቀና ብሎ ሳያይ በጣቱ ወደ በሩ ይጠቁማል።

እንቁላል ፍለጋ አብረን አጋሮ ድረስ እንወርድ ነበር፤ አውራ ዶሮ ካለበት ግቢ የተገኘ እንቁላል ስለምንፈልግ ከሱቅ አይሆንልንም። ሃዳ ሙኒራ፣ የሙኒራ እናት ማለት ነው፣ ግቢዋ ውስጥ ቡና ታሰጣለች፤ ዶሮዎቹ ስጡን ይጭራሉ፣ እሷ ትሳደባለች። ይልማ የመጀመሪያ ቀን ሰላምታውን ሳይጨርስ፣

"እናቴ፣ ዶሮዎ ባል አላት?" አላት።

"ሱብሃነላህ! የኔ ባል ደህና መሆኑን ሳትጠይቅ የዶሮዬን ባል ትጠይቃለህ?"

"የእርስዎ ባል እንቁላል አይሰጠኝማ።"

"ሸሪፍ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ይሄን ሰው ከየት አመጣኸው?" አለችኝ፤ ግን እየሳቀች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርጥ ምርጡን ለሱ ታስቀምጣለች። እሱም እያንዳንዱን እንቁላል ጉንጩ ላይ አስጠግቶ ሙቀቱን ይለካል። ማሞቂያችን ዲግሪ የሚቆጥር መሣሪያ አለው፤ እሱ ግን ጉንጩን ያምናል። የሚያወራው ሰው ሲጨነቅበት እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍለታል። ለኢድ ስኳሩን ይዞ ቤቴ ይመጣል፤ ትንሿ ማህሌት ካልሲዋን ጎትታ "ጋሼ፣ ጫጩት ስጠኝ" ትለኛለች። ይህን ሁሉ የማወራው እንድትወዱት ነው። እኔ ብቻዬን ወድጄው እንዳልቀር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የእንቁላሉን ቀዳዳ የምደፍንበት ፓራፊን አለቀ። መጋዘን ሄጄ ስጠይቅ "ታዟል" አሉኝ። ታዟል ማለት የለም ማለት ነው። እንቁላሎቹ ግን ደርሰዋል፤ ጫጩት ደግሞ ግዥ ክፍልን አይጠብቅም። ሄርማታ ወረድኩና ከማር ነጋዴዎቹ አንድ እፍኝ የማር ሰም ይዤ ተመለስኩ። አቅልጬ ደፈንኩበት። ልጥፍ የሚል፣ ሽታው ደስ የሚል ሰም፤ ንብ ብታየው ጎጆዬ ነው ብላ ትገባበት ነበር። ለይልማ አልነገርኩትም። "አለቀ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። እኔም በብልሃቴ በጣም ኮርቼ ነበር፤ ጡረታ ስወጣ ይነገርልኛል ብዬ አስቤ ነበር፣ አላህ ይወቀው።

ከወራት በኋላ ይልማ ከቫይረሱ ላይ ስቡን ለይቶ አወጣ። ስቡ በነጭ ዱቄት በተለበጠ መስታወት ላይ ጠብ ይደረግና ፈሳሽ ውስጥ ይቆማል፤ ፈሳሹ ወደ ላይ ሲሳብ እያንዳንዱ ስብ በየራሱ ከፍታ ላይ ይቀራል። በአዮዲን ሲያጥኑት ቡናማ ነጥቦች ይወጣሉ። ኮሌስትሮሉ እዚህ፣ ሌላው እዚያ። እና ከላይ፣ ማንም ያልጠበቃት አንዲት ነጥብ። ከቫይረሱ በኩል አለች፤ ካልተወጉት እንቁላሎች በኩል የለችም።

ይልማ መስታወቱን በሁለት እጁ ይዞ ክፍሉን ዞረ። "ሸሪፌ፣ ፕሮቲኖቹ ከሽፋኑ መርጠው የሰበሰቧት ናት! እስካሁን ማንም ያላያት!" ግንባሬን ሳመኝ። ነጥቧን "ልጃችን" ይላት ጀመር። አዲስ አበባ ትልቅ ስብሰባ ላይ ሊያቀርባት ተዘጋጀ።

አንድ ቀን ከሰዓት ብቻዬን ሆኜ የቫይረሱን ብልቃጥ ስከፍት ማር ማር ሸተተኝ።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነስቼ ከመሳቢያዬ የሰሟን ፍርፋሪ አወጣሁ፣ አሟሟሁ፣ ንጹሕ መስታወት ላይ ብቻዋን ጠብ አደረግኋት። በአዮዲን አጠንኳት። ነጥቧ ከላይ፣ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ከፍታ ላይ ወጣች። ሦስት ጊዜ ደገምኩ፤ ሦስት ጊዜም እዚያው። ቅርፊቱን ስከፍት የሰም ፍርፋሪ ውሃው ውስጥ ይወድቅ ነበር። ያልተወጉት እንቁላሎች ቀዳዳ ስላልነበራቸው ሰም አልነካቸውም። ፕሮቲኑ ምንም አልመረጠም። የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሄርማታ ገበያ።

ነገርኩት። በማግሥቱ አጋሮ ስንወርድ መኪናው ውስጥ ነገርኩት፤ ሦስቱን መስታወቶች በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። መኪናውን ጥግ አስያዘና መስታወቶቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። ከፊታችን ቡና የጫነ መኪና ጎማ ይቀይራል። ይልማ መስታወቶቹን መልሶ በጋዜጣው ጠቀለላቸው። ከዚያ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ።

"ደግ አደረግህ የነገርከኝ። ለማንም እንዳትናገር። እኔ ራሴ አስተካክለዋለሁ፤ ያንተን ስም አላነሳም።"

"ስሜ ቢነሳም ግድ የለም ዶክተር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አይሆንም። እኔ እያለሁ አንተ አትነካም።"

እንደዚያ ያለኝ ሰው የለም፣ አባቴም አላለኝም። መስታወቶቹን እሱ ወሰዳቸው። ቀሪውን መንገድ ደስ ብሎኝ ስቀልድ ሄድኩ።

ስብሰባው ላይ ነጥቧን አቀረባት። የሄደ ተማሪ ነው የነገረኝ፤ ጭብጨባው ራሱ ረጅም ነበር አለ። ሲመለስ ጠየቅኩት። "አልተመቸኝም፤ ቀስ ብለን" አለኝ። ማዕረግ ተጨመረለት። ጠየቅኩት። "ቀስ ብለን ሸሪፌ።" እኔ ደግሞ ሰው ቀስ ብለን ሲለኝ በእግሬ ቀስ ማለት የምጀምር ሰው ነኝ። ሁለት ዓመት ቀስ አልኩ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ሌላ ቦታ ያሉ ባለሙያዎች ሙከራውን ደግመው ነጥቧን አጥተዋታል። ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ሁለታችንንም ጠሩን። ሰብሳቢው እኔን ጀመረ።

"ቀዳዳውን በምን ነበር የምትደፍነው?"

"በማር ሰም።"

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሰመው።

"ለዶክተር ነግረሃቸዋል?"

ይልማን አየሁት። እኔ ከምመልስ እሱ ቢመልስ ይሻላል ብዬ ነው፤ አስተካክለዋለሁ ያለው ቀን ደረሰ ብዬ። ሰብሳቢውም ወደሱ ዞረ። "ዶክተር፣ ያውቁ ነበር?"

"ዛሬ ገና መስማቴ ነው" አለ።

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም አዘንኩ የሚል ነገር ነበረበት። እኔ አፌን ከፈትኩ። መኪናውን፣ መስታወቶቹን፣ ጎማ የሚቀይረውን ሰው ሳይቀር ልናገር ነበር። ግን አፈርኩ። እሱ ዋሽቶ ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ መሬት መሬት አየሁ። ኮሚቴው ይህንን እንደ ማመን ጻፈው። በፍርዳቸው ልቀየማቸው አልችልም፤ እኔም ብሆን አንገቱን የደፋውን ሰው ነው ጥፋተኛ የምለው።

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። እስከ ጡረታዬ መጥረጊያና ብልቃጥ ስቆጥር ኖርኩ። ተማሪዎቹ "ሸሪፍ ሰም" አሉኝ፤ ስሙ ከግቢው ወጥቶ ከተማ ገባ። ሃዳ ሙኒራ ጆሮ እንኳ ደረሰ። "ያንን ደግ ሰው ምን አድርገኸው ነው?" አለችኝ።

በዚያው ዓመት ለኢድ ይልማ መጣ። ስኳሩን ይዞ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ "ኢድ ሙባረክ" ብሎ ገባ። ከድጃ ምግብ አቀረበች፤ የሆነውን ሁሉ ታውቃለች፣ ግን ኢድ ነው፣ እንግዳ ነው። በላ። ልጆቹን እያነሳ አወራ። ከድጃ ወደ ጓዳ ስትገባ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ተቀይመኸኛል። አስበው እስቲ፤ ካንተ የሚቀነሰው ትንሽ ነበር፣ ከኔ ግን ሁሉም" አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፈርቶ ነው እያልኩ ነበር። ሰው ደንግጦ ይዋሻል፤ እኔም ስንት ጊዜ ደንግጬ ዋሽቻለሁ። ለካ አስቦበት ነው። መዝኖኛል። አንድ ሚዛን ላይ እሱን፣ አንድ ሚዛን ላይ እኔን አስቀምጦ ቀለልኩበት። እጁን ከጉልበቴ ላይ አነሳሁና ጓሮ ወጣሁ። እስኪሄድ ድረስ የጎመኑን ቅጠል ስቆጥር ቆየሁ። አርባ ሦስት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተለዋወጥንም።

ዛሬ ከሰዓት በባጃጅ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ይልማ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ግባ ግባ ቢሉኝም አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማህሌት ጥቁር ለብሳ ሰው መሀል አየችኝና መጣች። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ እንባ አልመጣልኝም፤ ዓይኔን በመሐረብ አሸሁት፣ ለደንቡ። ከዚያ ሦስት ወረቀት ሰጠችኝ፤ ቀብሩ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪኩ ነው።

"ጋሽ ሸሪፍ፣ የቫይረሱን ነገር የጻፍነው እኛ ነን፤ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ስህተት ካለ ያርሙልኝ።" እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ጋር አስጨበጠችኝ።

አነበብኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ቫይረሱ ሽፋኑን ራሱ ይሠራል ይላል። አልወደድኩትም፤ ሰውዬው ሲቀበር እንዲህ ያለ ስህተት አይነበብበትም። ሰርዤ፣ ሽፋኑን የሚወስደው ከሕዋሱ ነው ብዬ አስተካከልኩ። ገጹን ገለጥኩ።

"የቅርብ ረዳታቸው እውነቱን ደብቀው ባሳሳቷቸው ጊዜ እንኳ ቂም ሳይዙ ይቅር ያሉ ታላቅ ሰው ነበሩ።"

ስሜ የለም። አያስፈልግም፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ ረዳቱ ማን እንደነበር የማያውቅ ካለ የድንኳኑ ምሰሶ ብቻ ነው። እኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህች ከተማ የኔን ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የምትሰማው ምናልባት ዛሬ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠይቅም የሚመልስም አይኖርም። ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩት። ወረቀቱ ሊቀደድ ትንሽ ቀረው።

ማህሌት አየች። "ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?"

"ልክ አይደለችም።"

"አባዬ ራሱ ነው የነገረን። ይቅር ብዬዋለሁ ይል ነበር።"

"ብሎ ይሆናል ልጄ። የዚያ ነገር ይቅርታ ግን እሱ ጋ አልነበረም፤ እኔ ጋ ነው ያለው። እስካሁን ለማንም አልሰጠሁም።"

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ልትቆጣኝ ነበር፤ መብቷ ነው። ከኋላዋ አክስቷ ጠራቻት፤ አልዞረችም።

"አባቴን ዋሽቷል እያሉኝ ነው? ዛሬ?"

"ዛሬ ምንም አላልኩሽም። ዛሬ አባትሽን ቅበሪ። አርባው ሲወጣ ቤቴ ነይና ጠይቂኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግርሻለሁ፣ የኔን ጥፋት ጨምሬ። ካልፈለግሽ ደግሞ አትምጪ፤ አልቀየምሽም። ይቺን ግን ሕዝብ ፊት አታስነብቢብኝ።"

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። አጠፈችው። ወደ ሰዎቿ ተመለሰች።

ቀብሩ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቆሜ በድምፅ ማጉያው አዳመጥኩ። ዝናቡ ጀምሯል። የተወለደበት፣ የተማረበት፣ ያስተማራቸው፣ ቫይረሱ፣ የሕዋሱ ሽፋን፤ ያረምኩት ልክ እንዳረምኩት ተነበበ። ዓረፍተ ነገሩ ጋ ሲደርስ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። አንባቢው ዘለለው። ስሜ በክፉም አልተነሳ፣ በደግም አልተነሳ። ለዚያ ሁሉ ዓመት እንቁላል አንድ ቃል የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ዝናብም ነበር።

ቤት ገብቼ የረጠበውን ኮቴን ሳወልቅ ኪሴ ውስጥ የማህሌት እስክሪብቶ ተገኘ። ሰማያዊ ነው፣ ክዳኑ በጥርስ የተነከሰ። ይህንንም የጻፍኩት በሱ ነው፤ ቀለሙ ግማሽ ደርሷል። ብትመጣም ባትመጣም፣ ለማህሌት አንድ እስክሪብቶ አለብኝ።